የሥነ ልቦና ሐኪም የራሱ ታሪክ ለታካሚው ምን ይጠቅማል? ስለ አስተውሎት ሕክምና ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂዬ የላኩልኝ ጽሑፍ ረዘም ያለ ስለሆነ ፍሬ ሐሳቡን ብቻ አስቀድሜ ላስፍር። ባለፉት ዓመታት ሁለት ጊዜ በድባቴ ሕመም ታመው ድነዋል፤ አሁን ደግሞ ሌሊት ሌሊት ጭንቀት እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ማይንድፉልነስ በሚል ስም በሚታወቀው፣ አሁን የሚሆነውን ነገር በትኩረት ማስተዋልን በሚያለማምደው የአስተውሎት ልምምድ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ሊጀምሩ አስበዋል፤ ከመጀመራቸው በፊት ግን ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ። «ወደዚህ ሙያ ምን አመጣዎት? እርስዎ ራስዎስ እንዲህ ያለ ሕመም ደርሶብዎት ያውቃል? ሐሳብሽን ተመልከቺ ይሉኛል፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከሐሳቤ በቀር የምመለከተው የለኝም፤ ታዲያ ይህ አያብስብኝም ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ስለ ሐኪምዎ ማንነት መጠየቅዎ ድፍረት አይደለም። የውስጥዎን ገበና ለማያውቁት ሰው ሊገልጡ ነውና ያ ሰው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተማረና በምን መንገድ እንደሚሠራ ማወቅ ይገባዎታል። እኔም እመልሳለሁ፤ ነገር ግን የምመልሰው ለሕክምናዎ ይረባል የምለውን ያህል ነው። የሐኪሙ ታሪክ ከልኩ ሲያልፍ ታካሚው የራሱን ጉዳይ ትቶ ሐኪሙን ማስታመም ይጀምራል፤ «ይህን ብናገር ቁስሉን እነካበት ይሆን?» እያለ ቃሉን ይመርጣል፤ እርሱን እንዳያሳዝን ሲል እየባሰበት ተሽሎኛል ይላል። ስለዚህ ስለ ራሴ ከመናገሬ በፊት ሁልጊዜ የምመዝነው ነገር አለ፤ የምናገረው ሰውዬው ስለሚያስፈልገው ነው ወይስ እኔ መናገር ስለፈለግሁ?

ያደግሁት አንድ ወላጄ በየጊዜው በሚመለስ የድባቴ ሕመም ይሠቃይ በነበረበት ቤት ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ የሰው ፊት ማንበብን ቶሎ ይማራል፤ ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ከአረማመዱ ብቻ ቀኑ ምን ዓይነት ቀን እንደሚሆን ይገምታል። የዚህ ችሎታ ሌላው ገጽታ ደግሞ ለራስ ስሜት እንግዳ መሆን ነው፤ ዐይኑ ዘወትር በሌላው ላይ የተተከለ ልጅ በገዛ ደረቱ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንዳለ የሚጠይቅበት ፋታ አያገኝም። በወጣትነቴ ጭንቀት እኔንም ያዘኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድሁ፣ ታከምሁ፣ ተሻለኝም። ወደ ሙያው የሳበኝ እንግዲህ ከሁለቱም በኩል የመጣ ነው፤ በአንድ በኩል የታመመን ሰው ለዓመታት አጠገቡ ሆኖ የማየት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ታካሚ ሆኖ ወንበሩ ላይ የመቀመጥ ልምድ።

የሠለጠንሁት በክሊኒካል ሥነ ልቦና ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራሁበት መንገድ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የሚባለው ነበር። ይህ ሕክምና ሐሳብን እንደ ክርክር ይይዘዋል፤ «እኔ ለምንም አልረባም» የሚል ሰው ማስረጃውን እንዲመረምር፣ ተቃራኒውን ማስረጃም እንዲፈልግ ይረዳዋል። ጥሩ ሕክምና ነው፤ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ሆኖም ከዳኑ በኋላ ሕመሙ ደጋግሞ ለሚመለስባቸው ሰዎች ሌላ ነገር ስፈልግ ነው የአስተውሎት ሕክምናን ያገኘሁት። ዘዴውን ለሌላ ሰው ከማቅረቤ በፊት የ8 ሳምንቱን ሥልጠና እንደ ማንኛውም ተሳታፊ ወስጃለሁ፤ ልምምዱንም እስከ ዛሬ በየዕለቱ እሠራዋለሁ። ይህን የምነግርዎት ሊያውቁት የሚገባ ነገር ስለሆነ ነው። በዚህ መስክ ራሱ የማይለማመድ አስተማሪ ሌላውን ማሠልጠን እንደማይገባው በሠልጣኞችም በአሠልጣኞችም ዘንድ የታወቀ ደንብ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ መሠረት ልምጣ። ሐኪምዎ ተመሳሳይ ሕመም ቀምሶ ማለፉ ይጠቅምዎታል? በከፊል አዎን። በሕመሙ ውስጥ ያለፈ ሰው አይቸኩልም፤ «ተነሥና ተራመድ፣ ትረሳዋለህ» የሚል ምክር ለምን እንደማይሠራ በሥጋውም ያውቀዋል። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። አውቀዋለሁ ያለ ሰው መጠየቅ ያቆማል። የእርስዎ ድባቴ የወላጄ ድባቴ አይደለም፤ ሌሊት የሚያስነሳዎት ሐሳብም እኔን ያስነሣኝ ከነበረው ጋር መልኩ ቢመሳሰል እንኳ ሥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የግል ታሪክ ያለው ሐኪም ሲያጋጥምዎ «ምን ደረሰብህ?» ከሚለው ይልቅ «በደረሰብህ ነገር ምን አደረግህበት?» የሚለው ጥያቄ የተሻለ ይነግርዎታል። ራሱ ታክሞበታል? በየጊዜው ሥራውን ለሌላ ልምድ ላለው ባለሙያ እያቀረበ ይገመገማል? የተከተለው ዘዴስ ከእርሱ ውጪ ባሉ ሰዎች ተፈትኗል?

የዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ክብደት በሁለት የታወቁ ሰዎች ታሪክ ይታያል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ሊቅ ማርሻ ሊነሃን በ17 ዓመቷ ራሷን እየጎዳች በአእምሮ ሕክምና ተቋም ከሁለት ዓመት በላይ እንደቆየች ለሕዝብ የተናገረችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ለአሥርት ዓመታት በሙያው ስትታወቅ የቆየችው ግን በታሪኳ ሳይሆን ራሳቸውን ለመግደል ደጋግመው ለሚሞክሩ ሰዎች በቀረጸችው ዲያሌክቲካል የባሕርይ ሕክምና ነበር፤ በዚያ ሕክምና ውስጥ ዜን ከተባለው የቡድሂዝም ዘርፍ ልምምድ የወሰደችው አስተውሎት ከዋነኞቹ ክህሎቶች አንዱ ነው፤ ሕክምናውንም በ1991 በታተመ ጥናት በንጽጽር ፈትናዋለች። ስቲቨን ሄይስም እንዲሁ በድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ይሠቃይ የነበረ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ የሚያስጨንቅ ስሜትን መቀበልን መሠረት ያደረገ ሕክምና ከዚያ ተወለደ። የሁለቱም ሕመም ጥያቄውን ሰጣቸው፤ መልሱን ግን በሌሎች ዘንድ እንዲመዘን አደባባይ አወጡት። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ይህንኑ ከሐኪሜ እፈልግ ነበር።

የአስተውሎት ልምምድ መነሻው የቡድሂዝም የጽሞና ትውፊት ነው፤ ይህን መሸፋፈን ተገቢ አይመስለኝም። ወደ ሕክምና ቤት ያስገባው ጆን ካባት ዚን የሚባል በሞለኪዩላር ባዮሎጂ የተመረቀ ሰው ሲሆን፣ በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ውስጥ ሕመማቸው በሌላ ሕክምና አልለቅ ላላቸው ሰዎች፣ በኋላ የ8 ሳምንት ሆኖ የታወቀውን መርሐ ግብር ከፈተ። በክሊኒክ ውስጥ የሚሰጠው ልምምድ ጸሎት፣ እምነት ወይም ዶግማ የለበትም፤ ሃይማኖተኛም ሆነ ሃይማኖት የሌለው ሰው ይሠራዋል። ቢሆንም ልብዎ ካልተቀበለው ይንገሩኝ፤ ወደ ተመሳሳይ ግብ የሚያደርሱ ሌሎች መንገዶች አሉ።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊልያምስና ጆን ቲዝዴል ለድባቴ ያዘጋጁት ሕክምና ነው። መነሻቸው አንድ ቀላል ምልከታ ነበር። ሁለቱም ሰዎች ደኅና በሆኑበት ጊዜ ቢጠየቁ ድባቴ ደጋግሞ ይዞት የተሻለው ሰውና ፈጽሞ ታሞ የማያውቀው ሰው አስተሳሰባቸው ብዙም አይለያይም። ልዩነቱ የሚታየው ስሜት ትንሽ ሲወርድ ነው። ታሞ የማያውቀው ሰው መጥፎ ቀን ሲያጋጥመው «ዛሬ ከፍቶኛል» ብሎ ያልፋል። ታሞ የዳነው ሰው ግን ያችኑ መጠነኛ መከፋት ተከትሎ የቀድሞው ሕመም አስተሳሰብ በሙሉ ይነሣበታል፤ «ይኸው ተመለሰብኝ፤ ድሮም እንዲህ ነኝ፤ ማንም ሊረዳኝ አይችልም» ይላል፤ ይህ አስተሳሰብ ስሜቱን የበለጠ ያወርደዋል፤ የወረደው ስሜት ደግሞ አስተሳሰቡን ያጸናዋል። ሕክምናው የሚያሠለጥነው ይህ ዙር ገና ሲጀምር ማወቅን፣ አውቆም አብሮት አለመሄድን ነው።

በ2000 የታተመው የመጀመሪያው ሰፊ ጥናት 145 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ታመው ከነበሩት መካከል በ60 ሳምንታት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት 66 በመቶ ሲሆኑ፣ የአስተውሎት ሕክምናውን ከጨመሩት 37 በመቶ ነበሩ። እዚህ ላይ ለእርስዎ ሳልደብቅ መናገር ያለብኝ ነገር አለ፦ ሁለት ጊዜ ብቻ ታመው በነበሩት ሰዎች ላይ በዚያ ጥናት እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። እርስዎ ያለፉት ሁለት ጊዜ ነው። በ2016 የ9 ጥናቶችን 1,258 ተሳታፊዎች ባንድነት የመረመረ ሥራ ደግሞ ሕክምናው የመመለስ አደጋን በጠቅላላው እንደሚቀንስ፣ በተለይም ከሕመሙ ቅሪት ገና ባልተላቀቁ ሰዎች ላይ የበለጠ እንደሚረዳ አሳይቷል። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፤ ለእርስዎ አስተውሎትን የማቀርበው ድባቴው እንዳይመለስ ዋስትና ይሆናል ብዬ አይደለም፤ አሁን ከያዘዎት የሌሊት ጭንቀት ጋር የሚሠራበት ግልጽ ምክንያት ስላለኝ ነው።

ይህ ደግሞ ወደ ዋናው ጥያቄዎ ያደርሰኛል። ሌሊቱን ሙሉ ሐሳብዎን ሲመለከቱ ያድራሉ ብለዋል። አንድ ሌሊት ምን እንደሚመስል አብረን እንየው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ይነቃሉ። «ነገ በስብሰባው ላይ የምናገረው ቢጠፋብኝስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ወዲያው «ባለፈውም ጠፍቶብኛል» የሚል ይከተላል፤ ቀጥሎ ያን ቀን ያዩዎት ሰዎች ፊት ይመጣል፤ ቀጥሎ «ለምን እንደ ሌላው ሰው አልሆንም?» የሚል ጥያቄ፤ ከዚያ የልጅነት ትዝታ፤ ከዚያ «ካልተኛሁ ደግሞ ነገ ይብስብኛል» የሚል ስጋት። ይህ ሁሉ ሲሆን እርስዎ ሐሳቡን እየተመለከቱት አልነበረም፤ በሐሳቡ ውስጥ ሆነው እየሠሩ ነበር። እያንዳንዱ ሐሳብ እንደ ጥያቄ ቀረበልዎ፤ እርስዎም ለእያንዳንዱ መልስ ለማበጀት ደከሙ። ይህን ማብሰልሰል እንለዋለን። ማብሰልሰል ችግር እየፈታን ያለን ያስመስለናል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሥረንም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ካቆምን ኃላፊነታችንን የጣልን ይመስለናል።

አስተውሎት በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ሐሳብ ላይ ሌላ ሥራ ይሠራል። «ቢጠፋብኝስ» የሚለው ሲመጣ መልስ ከመፈለግ ይልቅ መምጣቱን ያውቃሉ፤ «ስጋት መጣ» ይላሉ። ቀጥሎ ትኩረትዎ ወደ ሰውነትዎ ይወርዳል፤ መንጋጋዎ ተጣብቆ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ተጠግቶ፣ ትንፋሽዎ ከደረትዎ በላይ ተንጠልጥሎ። መንጋጋው እንዲላቀቅ አያዝዙትም፤ መጣበቁን ብቻ ያውቁታል። ከጥቂት ትንፋሽ በኋላ አእምሮ ወደ ስብሰባው ተመልሶ ይሄዳል፤ ይህ የታወቀ ነው። መሄዱን ሲያውቁ እንደገና ይመለሳሉ። የሐሳቡ ይዘት አልተለወጠም፤ ነገም ስብሰባው አለ። የተለወጠው ሐሳቡ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ በአእምሮ ውስጥ የተከሠተ አንድ ነገር ሆኖ መታየቱ ነው። ማብሰልሰል ያለፈውንና የሚመጣውን ይዞ በቃላት ይሮጣል፤ አስተውሎት አሁን ባለው በሚዳሰሰው ነገር ላይ ይቆማል። በውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ ማሰቡ ነው፤ በውስጥ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ልዩነቱን በንግግር ከማስረዳት ይልቅ በልምምድ ማቅመስ የሚቀል የሆነውም ለዚህ ነው።

«ታዲያ ሐሳቡን ከነጭራሹ ባባርረውስ?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ዳንኤል ዌግነር የሚባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1987 ባሳተሙት ሙከራ ተሳታፊዎች ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ባሰቡ ቁጥር ግን ደወል እንዲደውሉ ነገሯቸው። ደወሉ አላረፈም፤ እገዳው ከተነሣ በኋላም ስለ ድቡ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይልቅ አብዝተው አሰቡ። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ አንድን ሐሳብ ለማባረር መጥቶ እንደሆነ መቆጣጠር ያስፈልጋል፤ ቁጥጥሩ ራሱ ይጠራዋል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ እንቅልፍ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ልምምዱን እንቅልፍ እንዲመጣ ማስገደጃ አያድርጉት። «እየሠራ ነው? ተኛሁ?» እያለ የሚለማመድ ሰው ራሱን እየሰለለ ነውና ይበልጥ ይነቃል። ልምምዱ በቀን ይሠራ፤ ሌሊት የሚደርሰው የቀኑ ፍሬ ነው። ከሃያ ደቂቃ ገደማ በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ከአልጋ ተነሥተው ደብዘዝ ባለ ብርሃን የማያነቃቃ ነገር ቢሠሩና እንቅልፍ ሲመጣ ቢመለሱ ይሻላል። ለእንቅልፍ ማጣት ራሱን የቻለ፣ በደንብ የተፈተነ የባሕርይ ሕክምና ስላለ፣ ካስፈለገ ከአስተውሎቱ ጋር ጎን ለጎን እንሠራዋለን።

በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ እነሆ። በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ዐይንዎን እንዲጨፍኑ አልጠይቅዎትም። ስለ ጤናዎ፣ ስለ ቤተሰብዎ፣ ሁለቱ የድባቴ ጊዜያት እንዴት እንደጀመሩና እንዴት እንዳለፉ፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት፣ እንዲሁም አሰቃቂ ነገር አጋጥሞዎት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ ልምምዱ በትንሹ ይጀመራል፤ ዐይን ተከፍቶ፣ እግር መሬት መንካቱን ለጥቂት ደቂቃ ከማስተዋል፣ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ከማዳመጥ። ቆየት ብለን ሰውነትን ከእግር ጣት እስከ ራስ ቀስ እያሉ በትኩረት መቃኘትን እንሠራለን። በኋላ ላይ ደግሞ በቀን መካከል የሚሠራ የሦስት ደቂቃ ልምምድ አለ፤ በመጀመሪያ አሁን በሐሳብ፣ በስሜትና በሰውነት ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ፤ ቀጥሎ ትኩረትን በትንፋሽ ላይ መሰብሰብ፤ በመጨረሻም ትኩረቱን ወደ መላው ሰውነት ማስፋት። ከጭንቀት ጋር ለሚኖር ሰው ከሁሉም ልምምድ ይህችን አጭሯን እመርጣለሁ፤ በሥራ ቦታም በመንገድም ትሠራለችና።

ሆኖም የሕክምናው ጉልበት ያለው ከልምምዱ በኋላ በሚደረገው ንግግር ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ታካሚዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በመጀመሪያ የሚሉት «አልቻልሁበትም፤ ሐሳቤ ደጋግሞ ሄደብኝ» ነው። እኔም «መሄዱን እንዴት አወቁት?» እላለሁ። ያን ያወቁበት ቅጽበት ልምምዱ ራሱ ነው። ቀጥዬ «ሲያውቁት ለራስዎ ምን አሉት?» ብዬ እጠይቃለሁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚወጣው። «ይህን እንኳ አልችልም አልሁት» ይላሉ፤ የተናገሩበት ድምፅ ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ የሚከተላቸው፣ በሥራም በትዳርም በእናትነትም የሚገሥጻቸው ያው ድምፅ መሆኑን በዚያች ትንሽ ልምምድ ውስጥ ያገኙታል። ስለ ራስ ወቀሳ ለሳምንታት ብንነጋገር ወቀሳው ከእኛ ርቆ የሚወራ ጉዳይ ይሆናል፤ እንዲህ ሲያዝ ግን በክፍሉ ውስጥ፣ በሞቀበት፣ ሁለታችን እያየነው ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ወቀሳውን በክርክር መርታት ሳይሆን ሲነሣ በርኅራኄ ማየትን መልመድ ነው፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል።

የእኔም ልምምድ የሚያገለግለው እዚሁ ላይ ነው፤ የግል ታሪኬ ከሙያዬ ጋር የሚገናኘውም በዚህ ነጥብ ነው። ታካሚ ሲያለቅስ ቶሎ ላጽናና የሚል ግፊት በውስጤ ይነሣል፤ ይህ ግፊት ከልጅነቴ የመጣ መሆኑን አውቀዋለሁ። በሆዴ መጨናነቁ ሲሰማኝ አውቄ ዝም ካልሁ ሰውዬው ልቅሶውን ጨርሶ ከሥሩ ያለውን ይናገራል፤ ሳላውቀው ቀርቼ ካጽናናሁት ደግሞ የማጽናናው ራሴን ይሆናል። የሥነ ልቦና ትንተና (ሳይኮአናሊሲስ) መሥራች የሆነው ፍሮይድ በ1912 ለሐኪሞች በጻፈው ምክር ሐኪሙ አንዱን መርጦ ሌላውን ሳይጥል በተስተካከለ ትኩረት እንዲያዳምጥ አሳስቦ ነበር፤ እንዴት እንደሚለመድ ግን አልነገረም። በ2007 በጀርመን አገር የተሠራ አንድ ጥናት በሥልጠና ላይ ያሉ 18 ሐኪሞችን ይዞ፣ ከፊሎቹ ከሥራ በፊት በዜን ልምምድ እንዲቀመጡ አደረገ፤ 124 ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች ውጤት ሲነጻጸር የተለማማጆቹ ታካሚዎች የተሻለ ለውጥ አሳዩ። ታካሚዎቹ ሐኪማቸው ይለማመድ አይለማመድ አያውቁም ነበር። ጥናቱ አነስተኛ ስለሆነ ትልቅ ድምዳሜ አልሠራበትም፤ በሥራዬ ከማየው ጋር ግን ይስማማል።

ልምምዱ ሁሉን ሰው አይስማማውም። በ2020 የታተመ የብዙ ጥናቶች ቅኝት በጽሞና ልምምድ ወቅት ከመቶ ሰው ወደ 8 በሚጠጉት ላይ ያልተፈለገ ነገር፣ በብዛትም የጭንቀትና የድባቴ ስሜት እንደታየ አመልክቷል። አሰቃቂ ጥቃት የደረሰበት ሰው ትንፋሹን ወይም ሰውነቱን ሲያስተውል ያ ጥቃት ሊመለስበት ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ዐይን ተከፍቶ፣ በእጅ በሚያዝ ነገር ወይም በሚሰማ ድምፅ ላይ፣ ለአጭር ጊዜ፣ አንዳንዴም እየተራመዱ መሥራት ይሻላል። ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም በተነሣበት ጊዜ፣ ወይም ድባቴው ከመጽናቱ የተነሣ ሰውዬው ሁለት ዐረፍተ ነገር ተከትሎ ማንበብ ባቃተው ጊዜ ረጅም የጽሞና ልምምድ አልሰጥም፤ ሌላ ሕክምና ይቀድማል። ዘዴው በጅምላ ሲታደልም አያዋጣም፤ ከ8,000 በላይ ተማሪዎችን ይዞ በብሪታንያ የተደረገና በ2022 የታተመ ጥናት ለታዳጊዎች በሙሉ በክፍል ውስጥ የተሰጠው ሥልጠና ከተለመደው የትምህርት ቤት ፕሮግራም የተሻለ ጥቅም እንዳላስገኘ አሳይቷል። ይህ እኔን አላስገረመኝም፤ ሳይፈልገው የተሰጠው ልጅ ለምን ብሎ በቤቱ ይለማመደዋል?

ስለ መድኃኒት ባይጠይቁኝም መናገር አለብኝ። ፀረ ድባቴ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ልምምዱን ጀመርሁ ብለው በራስዎ ውሳኔ እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ። በ2015 የታተመ 424 ሰዎችን ለ24 ወራት የተከታተለ ጥናት፣ መድኃኒታቸውን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እየቀነሱ የአስተውሎት ሕክምና ከወሰዱት 44 በመቶው፣ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት ደግሞ 47 በመቶው ሕመሙ እንደተመለሰባቸው አሳይቷል፤ ማለትም ሕክምናው ከመድኃኒቱ ልቆ አልተገኘም፤ አማራጭ ሆኖ ግን ቆሟል። ለጭንቀት ሕመም በ276 ሰዎች ላይ የተደረገ በ2022 የታተመ ጥናትም የ8 ሳምንቱ የአስተውሎት መርሐ ግብር ኤሲታሎፕራም ከተባለው መድኃኒት የማያንስ ውጤት እንዳስገኘ አመልክቷል። በሁለቱም ጥናቶች ሰዎቹ በባለሙያ ክትትል ሥር እንደነበሩ አይርሱ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ሞትን የመመኘት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብዎት ከሆነ ወይም ከመጣ፣ የእኔን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምናም ይሂዱ።

ወደ እኔም ሆነ ወደ ሌላ ባለሙያ ሲሄዱ ያለ ይሉኝታ ይጠይቁ፤ የሙያ ፈቃዱን፣ የአስተውሎት ሥልጠናውን የት እንደወሰደና ራሱ እንደሚለማመድ፣ ልምምዱ ቢያስጨንቅዎት ምን እንደሚያደርግ፣ ሥራውን ማን እንደሚገመግምለት። በእነዚህ ጥያቄዎች የሚከፋ ሐኪም ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ። ከእኔ ጋር ለመሥራት ከወሰኑ በመጀመሪያው ቀን የድባቴን መጠን የሚለካውን 9 ጥያቄዎች ያሉትን መጠይቅ፣ ከጭንቀቱም መለኪያ ጋር ይሞላሉ፤ በየጥቂት ሳምንቱም እንደግመዋለን። ቤት ውስጥ የሚሠሩት ልምምድ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ያልሠሩበት ቀን ካለ አልሠራሁም ብለው ይንገሩኝ፤ ምን እንዳገደዎት ማወቁ ራሱ ይጠቅመናል። 8ኛው ሳምንት ላይ የመጠይቁ ውጤትና የእርስዎ ስሜት ለውጥ ካላሳዩ ደግሞ ልምምዱን እያበረታሁ አላቆይዎትም፤ የያዝነው መንገድ ለእርስዎ ትክክለኛው መሆኑን እንደገና እንመረምራለን፤ ካስፈለገም ወደ ሌላ ሕክምና ወይም ወደ ሌላ ባለሙያ እመራዎታለሁ።